አራት ፎቶ ለማሳጠብ

አሲያ ለፎቶ ብላ ፀጉሯን የፈታችው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥቅምት ነበር፣ ማክሰኞ ጠዋት። የመጀመሪያውን የካንሰር መድኃኒት ልትወስድ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድበት ቀን ነው። ሻንጣዋ በረንዳ ላይ ወጥቷል፣ የኮንትራት መኪናው ሾፌር ክላክስ ይነፋል፣ ባሏ ዘይኑዲን ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። እሷ ግን ልጇን ነዋልን እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋችው።

"ስልክሽን ይዘሻል?"

"አዎ ኡሚ። ምን ረሳሽ?"

"ምንም አልረሳሁም። ፎቶ አንሺኝ።"

ሻርፗን ከራሷ ላይ አወረደች። ከሥሩ ያሰረችውን ስስ ጨርቅ ፈታች፣ ከዚያ ሁለቱን ወፋፍራም ጉንጉኖች። ፀጉሯ እስከ ወገቧ ወረደ። ግንባሯ አካባቢ ጥቂት ሽበት ነበረው፤ የቀረው ጥቁር ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች።

"መድኃኒቱ ይወስደዋል ብለውኛል" አለች። "ሳይሄድ አንሺው።"

ነዋል ሦስት ጊዜ አነሳቻት። በሦስቱም አሲያ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው ኮስተር ብላለች። አራተኛውን ልታነሳ ስትል የዘይኑዲን ድምፅ ከግቢ መጣ።

"አሲያ! ሰው እየጠበቀ ነው እኮ! ሐኪሙ አንቺን ብሎ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል እንዴ?"

አሲያ ፊቷን ወደ በሩ መለስ አድርጋ ሳቀች። ነዋል ስልኩን የተጫነችው ያኔ ነው።

"ይኼ ለእናንተ ብቻ ነው" አለቻት ፀጉሯን መልሳ እየጎነጎነች። "ላንቺ፣ ለወንድምሽ፣ ለአባትሽ። ሌላ ዓይን እንዳያየው። አደራ።"

ዘይኑዲን ለምን እንደቆየች አልጠየቀም። እሷም አልነገረችውም። እስከ ሐዋሳ ድረስ ስለ ሰዓት እየተነጫነጨ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ኖረች። ፀጉሯ በሁለተኛው ዙር መድኃኒት አለቀ። በመስከረም፣ አንድ ዓርብ ንጋት ላይ ዲላ ቤቷ ውስጥ አረፈች፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላም ተቀበረች። የበኩር ልጇ ሱሀይል አይሱዙ ይነዳል። ያን ቀን እህል ጭኖ ከናዝሬት እየተመለሰ ነበር። መንገድ ላይ ደውለው ነገሩት፤ ያለ ዕረፍት ነድቶ ሲደርስ አመሻሽ ሆኗል። የእናቱን መቃብር አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ ሁሉ ተበትኖ አገኘው።

ነዋል ስለ ፎቶዎቹ ሳትናገር ሁለት ወር ቆየች። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስልኳ ያገለገለ ነው የገዛችው፤ አልፎ አልፎ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ኅዳር ላይ ጠፍቶ ሁለት ቀን አልበራ አለ። ስልክ ሠሪው ሲከፍተው ዓይኗን ሳትነቅል ራሱ ላይ ቆማ ዋለች፤ እንደበራ ከእጁ ነጥቃው ወጣች። ፎቶዎቹ አሉ። ያን ዕለት ፍላሽ ላይ ገለበጠቻቸው፤ ማታ በእራት ሰዓት ስለ ፎቶዎቹና ስለ አደራው ለአባቷ ነገረችው፤ የተነሱበትን ቀን ግን አላነሳችም።

ዘይኑዲን እጁን ከሳህኑ አነሳ።

"እስካሁን ለምን አላሳየሽኝም?"

"ፈራሁ አባ። በሐዘኑ ላይ..." ስልኩን ዘረጋችለት። "ይኸው፣ አሁን እየው።"

"አይሆንም" አለ ፊቱን አዙሮ። "ይኼ ሲበራ ሲጠፋ የሚውል ነገር ነው። ፊቴ ላይ ስትጠፋብኝ ደግሜ አላይም። ይታጠብና በእጄ ይዤ አየዋለሁ።"

ሱሀይልም እዚያው ነበር። "ታዲያ ምን ችግር አለው? ነገ ጋሼ ፊሊጶስ ጋ ትውሰደው።"

ፊሊጶስ ከዘይኑዲን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት ፎቶ ቤት አለው። ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም የሌላው ሱቅ ይዘጋል።

"ፊሊጶስ ወንድሜ ነው" አለ ዘይኑዲን። "ግን ወንድ ነው። እናትህ ደግሞ ምን እንዳለች እህትህ ነግራሃለች።"

"እሺ፣ ሐዋሳ ልውሰደው። እዚያ ማን ያውቃታል?"

"የማያውቃት ሰው ዓይን የለውም?"

ነዋል ቀስ ብላ "እቤት ማተም እኮ ይቻላል" አለች። "የፎቶ ፕሪንተር አለ። ጓደኛዬ ዘንድ አይቻለሁ።"

ሱሀይል ዋጋውን ጠየቀ። ነግራው ስትጨርስ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። ማሽኑ ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ ቀለሙ ሲያልቅ እንደገና ሌላ ወጪ።

"ለአራት ፎቶ!" አለ። "አንዱ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብር ደረሰ ማለት ነው። ጋሼ ፊሊጶስ በመቶ ሃምሳ ያጥበዋል። ማሽኑስ ከዚያ በኋላ ምን ሊሠራ ነው? አቧራ ሊጠጣ?"

"የእናትህ ፎቶ ነው ሱሀይል።"

"አውቃለሁ የእናቴ እንደሆነ! እሷ ራሷ ብትኖር ትስማማ ነበር? ሽንኩርት አምስት ብር ረከሰ ብላ ገበያውን ሁለቴ የምትዞር ሴት?"

የተናገረው ልክ ነበር። ዘይኑዲን ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"አትስማማም ነበር" አለ። "ለገንዘቡ ብትጠይቃት አትስማማም። አደራ ስትቀበል ግን ስንት ያስወጣኛል ስትል አንድ ቀን አልሰማሁም። ቅዳሜ ሐዋሳ ስትደርስ ማሽኑን ይዘህ ና።"

ሱሀይል ይዞ መጣ። ካርቶኑን ነዋል ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ነዋል መመሪያውን እያነበበች አራቱን የቀለም ጠርሙሶች ሞላች። ላፕቶፗ ላይ ቅንብሩን እንደመሰላት አስተካክላ የመጀመሪያውን ፎቶ ላከች።

ማሽኑ እየጮኸ ወረቀቱን ሳበ። የወጣው የአሲያ ፊት ግን አረንጓዴ ነበር። ግንባሯን ነጭ መስመሮች ዳር እስከ ዳር ቆራርጠውታል። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ጥቂት የተሻለ እየመሰለ እስከ ዓይኗ ድረስ እንደወጣ መብራት ሄደ። ወረቀቱ ማሽኑ አፍ ላይ ግማሽ ፊት ይዞ ተሰነቀረ። መብራቱ ሲመለስ ነዋል እልህ ይዟት ሁለት ወረቀት ጨመረች። እነሱም ተበላሹ።

"አምስት" አለ ሱሀይል። ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ሳያየው አንስቶ በመዳፉ ሊጨመድደው ሲል ዘይኑዲን ከኋላው ደረሰ።

"ተው! እናትህን ነው የምትጨመድደው?"

ሱሀይል ወረቀቱን እንደ እሳት ለቀቀው። ፊቱ ልውጥውጥ አለ፤ ወጥቶ ሄደ። ወዲያው የአይሱዙው ሞተር ሲነሳ ተሰማ።

ነዋል አለቀሰች። የተበላሹትን ወረቀቶች መቅደድ አልቻለችም፤ ቆሻሻ ውስጥ መጣልም አይታሰብም። ማቃጠልማ ልታስበውም አልደፈረችም። አባቷ አምስቱንም በጀርባቸው ገልብጦ፣ ፊታቸውን ሳያይ ሰበሰባቸው። ከዚያ ኩሽና ገብቶ ንጹሕ ሳፋ ላይ ውኃ ሞላ።

"ልጅ ሆነን ቁርአን ስንቀራ" አለ "እንጨቱ ሉህ ላይ የጻፍነውን ስናጥብ ውኃውን የትም አንደፋም ነበር። ሰው የማይረግጠው ቦታ ይፈለግለታል። ከዚያ ጋር አላመሳስለውም፣ አስተግፊሩላህ። ግን ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።"

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ታች አድርጎ ውኃው ውስጥ አስተኛቸው። ርካሽ ወረቀት ነበር፤ ቀለሙ ወዲያው ይለቅ ጀመር። አባትና ልጅ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ቆዩ። ውኃው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ እንደ በሶብላ አበባ ወይን ጠጅ መሰለ። ዘይኑዲን አንዱን ወረቀት አውጥቶ ገለበጠው፤ ነጭ ሆኗል። ውኃውን ከጓሮ እንሰቱ ሥር ቀስ አድርጎ አፈሰሰው።

በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ ብዙ ሳይቆይ መንገዱን ተሻግሮ ፊሊጶስ ዘንድ ገባ። ሊናገር የመጣውን ለመጀመር ጊዜ ወሰደበት። ሃያ ሁለት ዓመት ፎቶ ቤቱ ፊት ለፊቱ እያለ እቤቱ ማሽን ማስገባቱ ስድብ መስሎ ታይቶታል።

"ፊሊጶስ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ እንዳትቀየመኝ" አለው። ከዚያ ሁሉንም ነገረው፤ ፎቶዎቹን፣ አደራውን፣ ማሽኑን፣ አምስቱን ወረቀት።

ፊሊጶስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"ለፓስፖርት ብዬ ያነሳኋት ጊዜ" አለ "ጆሮሽ መታየት አለበት አልኳት። ሻርፗን በጣቷ ይቺን ታህል አሸሸችና 'ከዚህ በላይ ሐጅ ይቅርብኝ እንጂ አላደርገውም' አለችኝ። ምን ብዬ እቀየምሃለሁ ዘይኑ? ማታ ሱቅ ስዘጋ እመጣለሁ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ነዋል ክፍል በር ላይ ቆሞ ሳይገባ ተጣራ።

"ነዋል፣ ላፕቶፑ ላይ የእናትሽ ፎቶ ክፍት ነው?"

"አይደለም ጋሼ።"

"ፍላሹንም ንቀይውና አባትሽ ይያዘው። ሌላ ያነሳሽው ፎቶ የለሽም? የሰው ፊትና አረንጓዴ ነገር ያለበት ይሁን።"

ነዋል ከጓደኞቿ ጋር አሪቻ ሄዳ ያነሳችው ነበራት፤ ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ሦስት ልጃገረዶች ቆመዋል፣ ከኋላቸው ጫካው። ፊሊጶስ በዚያ ፎቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ሠራ። የቀለሙ መርጫ እንደተደፈነ በሙከራ ወረቀት አሳያትና ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ሦስት ጊዜ አዘዘው። የወረቀቱን ዓይነት በትክክል ካልመረጠች ማሽኑ ቀለም ያለ ልክ እንደሚያፈስ ነገራት። እሱ ራሱ ከሚጠቀምበት ወፍራም ወረቀት አንድ እሽግ ይዞ መጥቷል። በመጨረሻ የልጃገረዶቹ ፊት የሰው ፊት ሆነ፤ ጫካውም ጫካ።

"አሁን ስሚ" አለ እየተነሳ። "መብራት በተመለሰ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንዳትጀምሪ፤ መጀመሪያ ይርጋ። ያተምሽውን ሳይደርቅ አትደራርቢው። ፀሐይና ሙቀት ጠላቱ ነው። ዋናው ነገር ግን፣ ይኼን ማሽን አታስቀምጪው። በሳምንት አንድ ጊዜ ካልሠራ ቀለሙ ውስጡ ይደርቅና ሌላ ማሽን መግዛት ነው። ብዙ ሰው የሚከስረው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ያትምበታል፣ ከዚያ ይረሳዋል።"

ዘይኑዲን የወረቀቱን ዋጋ ሊሰጠው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ፊሊጶስ ያዘው።

"ለአሲያ ነው" አለ። "እኔ ልውጣላችሁ፣ ሥራችሁን ሥሩ።" የግቢው በር ሲዘጋ እስኪሰሙ ድረስ ጠበቁ።

ነዋል ፍላሹን ሰካች። አራቱ ፎቶዎች በየተራ ወጡ፤ ጥርት ያሉ ነበሩ። አልጋው ላይ ደረደረቻቸውና እስኪደርቁ ቆይታ ለአባቷ በእጁ ሰጠችው። ሦስቱን ረጅም ጊዜ ወስዶ አያቸው። ከንፈሩ ዱዓ ሲያደርግ ይንቀሳቀስ ነበር። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እዚህ ላይ ወዴት ነው የምታየው?"

"ወደ በሩ።"

"ማን ነበር በሩ ላይ?"

 ዘይኑዲን መልስ ሳይጠብቅ አሲያ የለበሰችውን ሐምራዊ ቀሚስ አየ። ያንን ቀሚስ የትኛው ቀን እንደለበሰችው ያውቃል፤ አጠገቧ ተቀምጦ አዲስ አበባ ድረስ ሄዷል።

"እኔ ነኝ" አለ። "ግቢ ሆኜ ስጮህባት ነው።"

"አባ..."

"ለዚህ ነው የቆየችው? እኔ እኮ ሻንጣ የምታመቻች መስሎኝ... እስከ ሐዋሳ ድረስ አፌን አልዘጋሁም። አንቺ ሴት በሞትሽ ቀን እንኳ ታረፍጃለሽ አልኳት። እንደዚያ ነው ያልኳት፣ ነዋል። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም።"

"ተቀይማህ አይደለም" አለች ነዋል አጠገቡ ተቀምጣ። "እየው እስኪ። በሦስቱ ኮስትራ ነው የተነሳችው። የሳቀችው ያንተን ድምፅ ስትሰማ ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ።"

ዘይኑዲን ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንባው ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ቀና እንዳለ አለቀሰ። ነዋል አባቷ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው፤ በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰም ነበር።

ለሱሀይል አራቱንም አትማ ፖስታ ውስጥ አድርጋ ሰጠችው። "አመሰግናለሁ" ብሎ ተቀበላት። ሳይከፍተው መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ወረወረው።

የሳምንቱ ሕትመት ግን መላ ይፈልግ ነበር። ነዋል መጀመሪያ የአበባና የመንገድ ፎቶ እያተመች ቀለም ጨረሰች። በአራተኛው ሳምንት ጎረቤታቸው ሀዲጃ መጡ። የአሲያ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ናቸው። በሩን ራሳቸው ዘግተው ስልካቸውን ከጡታቸው ሥር አወጡ።

"አባትሽ ለባለቤቴ ሲነግረው ሰምቼ ነው" አሉ። "የልጄ የፈይዛ ሰርግ፣ የሂናው ምሽት። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ክንዷ ድረስ ሂና ተቀብታ። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ አንድም ቀን በወረቀት አላየሁትም። የት ልውሰደው? አሁን ልጄ ያለችው ሞያሌ ነው።"

ነዋል ስድስት ፎቶ አተመችላቸው። አንዱ ሲበላሽ በሳፋ አጠበችው። ሲያበቁ እሳቸው እያዩ ፎቶዎቹን ከላፕቶፗ ላይ አጠፋችላቸው። ሀዲጃ ከፍለው ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሴቶች መጡ። ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረው የደበቁትን እንደሚያወጡ ሁሉ፣ ሴቶች ከየስልካቸው ውስጥ ለማንም ያላሳዩትን ይዘው ይመጡ ጀመር። አራስ ቤት የተነሱ፣ ሙሽሮች፣ አንዲት ደግሞ ከዱመርሶ የመጣች የጌዴኦ ሴት፣ ያለ ሻሽ የተነሳች የሟች እህቷን ፎቶ ይዛ። ፊሊጶስ ራሱ አንዳንዷን "ዘይኑ ቤት ሂጂ፣ ሴት ልጅ ናት የምታጥበው" ብሎ ይልካት ነበር። ማሽኑ ዋጋውን ይመልስ አይመልስ ነዋል አላሰላችውም። ቀለሙን ግን ከእንግዲህ ከአባቷ ኪስ አልገዛችም።

ግንቦት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሱሀይል መጣ። ፖስታውን ይዞ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

"ትናንት ከፈትኩት" አለ። "ቆጬሬ፣ ጭነት ስጠብቅ። ብቻዬን ነበርኩ፣ አሁን አያታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።"

ፖስታውን ዘረጋላት። ስድስት ወር ሙሉ ዳሽቦርዱ ላይ በፀሐይ ተለብልቦ፣ በዝናብ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ረጥቦ፣ አራቱ ፎቶዎች ተጣብቀዋል። ሊያላቅቃቸው ሲሞክር ፊታቸው ተልጧል። ከሁሉም የቀረው የቀሚሷ ሐምራዊና ጥቂት ጥቁር ነገር ነው።

"ይቺንም ዘግይቼ ደረስኩባት" አለ። እንደቆመ እንደ ልጅ አለቀሰ። "ያን ዕለት ስለ ብር የጮህኩት ስለ ብር አልነበረም። ማየት ፈርቼ ነው። የመጨረሻ ፊቷን አላየሁትም፣ ካየኋት... አላውቅም።"

ነዋል ወንበሩን ሳበችለት። "ተቀመጥ። ፍላሹ አለ እኮ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ። ነዋል አራተኛውን ፎቶ መረጠች። ወረቀቱ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር፤ መጀመሪያ የግድግዳው ነጭ፣ ከዚያ የፀጉሯ አናት፣ ሽበቱ፣ ግንባሯ። ሱሀይል ሁለት እጁን ጉልበቱ መሃል አጣብቆ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ዓይኗ ወጣ። ከዚያ ሳቋ።

"እንዲህ ነበር እንዴ ፀጉሯ?" አለ በሹክሹክታ። "ልጅ ሆኜ ነው የማስታውሰው። ይኼን ያህል አይመስለኝም ነበር።"

ነዋል ወረቀቱን በጠርዙ ይዛ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። "አትንካው፣ እስኪደርቅ እንዲሁ ያዘው።"

እንዲሁ ያዘው። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር።

"ነዋል" አለ በመጨረሻ፣ ከፎቶው ላይ ቀና ሳይል። "ያረፈችበትን የዓርቡን ጠዋት ንገሪኝ። ጠይቄሽ አላውቅም።"

እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ከንጋቱ የሱብሂ አዛን ጀምራ ነገረችው።